ቤቱን ላልረሳችሁ ሁሉ ምስጋና

በደቡብ ኦሞ የገጠር ስብከት ጣቢያዎችን እየዞሩ የሚያገለግሉት ወንጌላዊ ወንድማችን የተሰበረ እግራቸው ታክሞ ጂንካ ቤታቸው ገብተዋል፤ ጌታ ይመስገን። ቤተሰባቸውና የአጥቢያችን የወንጌል ሥርጭት ኮሚቴ ለእያንዳንዳችሁ ደውለን ስላልጨረስን በዚህ እናመስግናችሁ።

ከቱርሚ አጠገብ ካለው የአሸዋ ወንዝ ያወጣችኋቸው እረኞች፣ ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ልከናል። ያ ወንዝ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ይሞላል፤ ዝናቡ ከላይ ተራራው ላይ ጥሎ ደራሹ ድንገት ይደርሳል። ሞተር ሳይክሉን ትታችሁ ሰውየውን ያዛችሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እህታችን፣ እግራቸውን ከጭን እስከ ውስጥ እግር በሁለት ጣውላ አስረሽ ጣቶቹን ክፍት ተውሽ፤ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው እንዲላላ ለሹፌሩ ነገርሽው። «ወጌሻ ይያቸው» ያሉትንም እሺ አላልሽም። ስብራት ላይ አጥብቆ ማሰር ደም ያቋርጣል፤ በዚህ ስንት እግር ተቆርጧል። የአይሱዙው ሹፌር ደግሞ በዲመካና በቀይ አፈር አድርገህ ጂንካ ስታደርሳቸው የነዳጅ እንኳ አልተቀበልክም። ውሃ ሲለምኑህ ከንፈራቸውን ብቻ ማርጠብህም ልክ ነበር፤ ቀዶ ጥገና ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው። ወንጌላዊ ሲታመም ሰው ብርቱካንና ጁስ ይዞ ሆስፒታሉን ይሞላል፤ ቤቱን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ባለቤቱ አስታማሚ ሆና እዚያው ታድራለች፣ ልጆች ብቻቸውን ይቀራሉ። የምንከፍለው ወርኃዊ ድጎማም (አፍረን እንናገረው) ለአንድ ሰው እንኳ የማይበቃ ነው፤ እህል ሳይሰበሰብ አሥራት ስለሚቀንስ ደግሞ ይዘገያል። ጥንት ከወላይታ ሚስትና ልጅ ይዘው ወደ ሌላ አገር የወጡ ወንጌላውያንን የላካቸው ጉባኤ ቤታቸውንም ይሸከም ነበር። የሴቶች ኅብረት፣ እናንተ ይህን አልረሳችሁም። በሦስት ሦስት ቀን ተራ ገብታችሁ አንዷ ሆስፒታል ስታድር ሁለታችሁ ልጆቹ ጋ አደራችሁ። እንጀራ ከቤታችሁ ጋግራችሁ አላመጣችሁም፤ እዚያው አቡክታችሁ በእናታቸው ምጣድ ጋገራችሁ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የቤታቸው ጭስ አልተቋረጠም።

መካኒኩ ወንድማችን፣ ውሃ የጠጣውን ሞተር ሊያስነሡ የተሽቀዳደሙትን ወጣቶች ከለከልክ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እያለ ቢነሣ ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጣመም ነበር። ካንዴላውን ፈትተህ ውሃውን አስተፋኸው፤ ወተት የመሰለውን ዘይት ሁለት ጊዜ ቀየርክ።

ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር የገበያ ቀን ነው፤ የተበታተነው ሕዝብ የሚገኘውም ያኔ ነው። ዙሩን የተካፈላችሁት ሦስቱ ወንድሞች፣ ሐኪሙ በራጅ አይቶ እግሩን ርገጡበት እስኪላቸው አደራውን ያዙልን።

ክራንች አውሰኸን ስምህን ሳትነግረን የሄድከው ሰው፣ እባክህ ብቅ በል። የአንዱ የታች ጎማ አልቆ ነበር፣ አዲስ አስገብተንለታል።