ኤስ-ቺሩትን ስናሳድግ የኮንፊግ ፋይሎቻችሁ ምን ይሆናሉ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ዴቢያን በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እትም 11 ላይ ያሉትን ሰርቨሮቻችሁን ወደ ዴቢያን 12 እናሳድጋለን። ለአብዛኞቻችሁ ሥራው ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ ያልቃል። ሰኞ ስትገቡ ሁሉን እንደነበረ ታገኙታላችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ግን አሮጌ ፕሮግራም በቺሩት ውስጥ ለምታሠሩ ነው። የደመወዝ ወይም የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራማችሁ ከብዙ ዓመት በፊት ለ32 ቢት ማሽን የተሠራ ከሆነ፣ ይህ እናንተን ይመለከታል።

ቺሩት በሰርቨሩ ውስጥ ለብቻው የተከለለ ቦታ ነው፤ በግቢ ውስጥ እንዳለ ሰርቪስ ቤት አስቡት። የራሱ በርና የራሱ ዕቃ አለው። መብራቱና ውሃው ግን ከዋናው ቤት ነው የሚመጣው። እዚህ ዋናው ቤት ሰርቨሩ ነው፤ መብራትና ውሃ የምንለው ደግሞ ከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ነው። አሮጌው ፕሮግራማችሁ አሮጌ ዕቃዎቹን ይዞ በሰርቪስ ቤቱ ይኖራል። ኤስ-ቺሩት የሚባለው ፕሮግራም በሩን ይከፍታል፣ ማን እንደሚገባ ይለያል፣ ከዋናው ቤት ምን ምን እንደሚጋራ ይወስናል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከኮንፊግ ፋይሎቹ፣ ማለትም አሠራሩ ከተጻፈባቸው ፋይሎች ነው። ችግር የሚመጣውም ከእነሱ ነው።

ከዚህ በፊት በአንድ ደንበኛችን ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። ስህተቱ የእኛ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሂሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ደወለች። «ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ ግን ባዶ ነው። አንድም ሠራተኛ የለበትም» አለችን። የወር ደመወዝ የሚዘጋጅበት ሳምንት ነበር። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዳታው አልጠፋም። በዋናው ሰርቨር ላይ፣ በቦታው ተቀምጧል። የጠፋው ዳታውን ከቺሩቱ ጋር የሚያገናኘው አንድ መስመር ነው። መስመሩን ከዓመታት በፊት የጻፍነው ከፓኬጁ (ኤስ-ቺሩት ታሽጎ ከሚመጣበት ጥቅል) ጋር በመጣው «ዲፎልት» ፕሮፋይል (የኮንፊግ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ፣ ከዋናው ሰርቨር የሚጋሩት ፎልደሮች በሚዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ በሚባለው ፋይል ላይ ነበር። ቅዳሜ ማታ አፕግሬዱ ሲሄድ ሲስተሙ ጥያቄ አቀረበ፤ ባለሙያችን የፓኬጁን አዲስ ፋይል መረጠ፤ መስመሩ ከአሮጌው ፋይል ጋር ወጣ። ፕሮግራሙም ባዶ ፎልደር አገኘና ምንም ሳይል ተከፈተ። አሮጌው ፋይል «ዲፒኬጂ-ኦልድ» የሚል ቅጥያ ተጨምሮበት እዚያው ጎን ስለተቀመጠ፣ መስመሩን መልሰን ሴሽኑን (የተከፈተውን የቺሩት ክፍለ ጊዜ) ዘግተን ስንከፍት ሁሉም ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺ ሠራተኛ ባትደውልና በባዶው ላይ መመዝገብ ብትጀምርስ? አዲሱ መዝገብ የሚቀመጠው በተሳሳተው ፎልደር ውስጥ ነው። እኛ መስመሩን ስንመልስ ደግሞ ትክክለኛው ዳታ በላዩ ይመጣና ይሸፍነዋል። የጠዋት ሥራዋ አይጠፋም፤ ግን ማንም አያየውም። ስለዚህ ከአፕግሬድ በኋላ ፕሮግራማችሁ ባዶ ሆኖ ከተከፈተ፣ እባካችሁ ምንም አትንኩ፤ ቀድማችሁ ደውሉልን።

ጥያቄው ራሱ ይህን ይመስላል። በጥቁሩ ስክሪን ላይ «ይህ የኮንፊግ ፋይል ከተጫነ በኋላ ተቀይሯል፤ የፓኬጁ አዘጋጅም አዲስ አቅርቧል፤ ምን ይደረግ?» ይላል። ከኪቦርዱ ዋይን ከተጫናችሁ አዲሱ ይገባል። ኤንን ከተጫናችሁ የእናንተው ይቆያል። ዲ ልዩነቱን መስመር በመስመር ያሳያል። ዝም ብላችሁ ኢንተር ካላችሁ እንደ ኤን ይቆጠራል። እኛ አሁን ዲን ሳናይ ወደ ሌላው አንሄድም። ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ብዙ ሰው «ኤን ካልኩ ሰላም ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ፋይሉ አይነካም። ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራምና ከሥሩ ያለው ከርነል ግን ተቀይረዋል። ለምሳሌ «ስክሪፕት-ኮንፊግ» የሚለው አሮጌ መስመር ጊዜው አልፎበታል፤ ዛሬ ቦታውን የያዘው «ፕሮፋይል» ነው። ሌላው «ዩኒየን-ታይፕ» ነው፤ የቺሩቱ ዋና ፋይሎች ሳይነኩ ለውጡ በላያቸው በሌላ ንብርብር እንዲጻፍ የሚያደርገውን ዘዴ ይመርጣል። በድሮ ሰርቨሮች ላይ አውፍስ የሚል ዋጋ ተሰጥቶት ታገኙታላችሁ። አውፍስ ዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ኦቨርሌይ ግን በ2014 ከ3.18 ከርነል ጋር ገብቷል። አውፍስ የሚለውን መስመር ይዞ የቀረ ቺሩት ከርነሉ ሲቀየር፣ አዲሱ ከርነል አውፍስን የማይደግፍ ከሆነ፣ አይነሳም። ኤን ብላችሁ በሰላም ያለፋችሁት መስመር ሰኞ ጠዋት ይጠብቃችኋል።

ስለ ስምም አንድ ነገር። በ2022 በተለቀቀ የደህንነት ማስተካከያ የቺሩትና የሴሽን ስም አሰጣጥ ጠበቅ ተደርጓል። ያልተገባ ስም በመስጠት ለሁሉም ተጠቃሚ አገልግሎቱን ማቋረጥ ይቻል ስለነበር ነው። እንግዳ ምልክት ያለበትን ስም አዲሱ እትም ላይቀበል ይችላል። እኛ በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ የተጻፈ ስም እንመክራለን።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ምን እናደርጋለን? የእናንተን ነገር ከፓኬጁ ነገር እንለያለን። «ዲፎልት» የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ኮፒ አድርገን በድርጅታችሁ ስም ሌላ ፕሮፋይል እንሠራለን። የዳታ መስመሮቻችሁ የሚጻፉት እዚያ ነው። የቺሩቱ መግለጫም ከዋናው ኮንፊግ ወጥቶ «ቺሩት-ዲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ የራሱ ፋይል ይኖረዋል፤ በውስጡም «ፕሮፋይል» የሚለው መስመር አዲሱን ስም ይይዛል። እነዚህ ፋይሎች ከፓኬጁ ጋር ያልመጡ ስለሆኑ አፕግሬድ አይነካቸውም፤ ጥያቄም አያስነሱም። የፓኬጁን ፋይሎች ደግሞ ወደ መጀመሪያ መልካቸው እንመልሳቸዋለን። በእውነቱ ይህ ከመጀመሪያው መሠራት የነበረበት ሥራ ነው። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም።

በቺሩት ውስጥ ገብታችሁ የተጠቃሚ አካውንት የከፈታችሁ ካላችሁ ንገሩን። በተለመደው አሠራር ሴሽን በተከፈተ ቁጥር የተጠቃሚዎች ዝርዝር ከዋናው ሰርቨር ይገለበጣል። በውስጥ የተከፈተ አካውንት ስለዚህ አይቆይም። አካውንቱን በዋናው ሰርቨር ላይ መክፈት ነው መፍትሔው።

ከእናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነው። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጡ ፕሮግራሙን ዝጉ፤ የቀሩትን ሴሽኖች እኛ እንዘጋቸዋለን። ኮንፊግ ፋይል ላይ በእጃችሁ የነካችሁት ነገር ካለ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ እስከ ዓርብ ላኩልን።

አንዱን ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን። «ቦታ ለማስለቀቅ» ብላችሁ የሴሽን ፎልደሮችን በእጅ አታጥፉ። ሴሽኑ ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ በዲፎልት ፕሮፋይል የሁላችሁም የሆም ፎልደር እዚያ ውስጥ ተገናኝቶ ይገኛል። የሰርቪስ ቤቱን ዕቃ አወጣን ስትሉ የምታወጡት የዋናውን ቤት ዕቃ ነው። ሰርቨሩም «እርግጠኛ ናችሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ሴሽን የሚዘጋው በራሱ በኤስ-ቺሩት ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙ እንቢ ካላችሁ ማሽኑን እንዳለ ተዉት፤ እኛ እንመጣለን።

እሑድ ከሰዓት አንድ ባለሙያችን ከእናንተ ሰው ጋር በስልክ ሆኖ ፕሮግራሙን ይከፍታል፤ የመጨረሻውን ወር መዝገብ አብረው ያያሉ። ማን እንደሚገኝ ስሙንና ስልኩን ቀድማችሁ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰርቨር ክትትል ክፍል