ያቺን ትንሽ ቁልፍ ተጫኑልን

ውድ ደንበኞቻችን፣ ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል?

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ያጎደልነው ነገር ስላለ ነው። ባለፉት ዓመታት በብዙዎቻችሁ ቤት አርሲዲ፣ ማለትም ኮረንቲ ሰው ሲይዝ መብራቱን የሚቆርጠውን መሣሪያ፣ ገጥመናል። ሽቦውን አስረን፣ ሳጥኑን ዘግተን፣ ሻያችሁን ጠጥተን ወጣን። ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ለምን እንደተቀመጠች ግን በቅጡ አልነገርናችሁም። ሐምሌ ላይ ለሌላ ሥራ አንድ ደንበኛችን ቤት ሄደን ቁልፏን ብንጫናት አርሲዲው አልወደቀም፤ መብራቱን አልቆረጠም ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እኛው የገጠምነው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። በጣም ደነገጥን። ወዲያው ቀየርንላቸው፤ ለሁላችሁም ልንጽፍ የወሰንነው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው።

አርሲዲ የሚባለው በብሬከር ሳጥናችሁ ውስጥ ከሌሎቹ ሰፋ ያለውና «ቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ቁልፍ ያለው ነው። አንዳንዱ ሊኬጅ ብሬከር ይለዋል። ብዙ ሰው «ብሬከር አለኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» ይለናል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሰውን አይደለም። የሰው አካል ለኮረንቲ ያለው መቋቋም በግምት 1000 ኦም ነው እንበል። በ220 ቮልት 0.22 አምፔር ያልፍበታል ማለት ነው። ይህ ልብን ለማቆም ይበቃል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ግን አንድ ባለ 50 ዋት አምፖል የበራ ያህል ነው የሚቆጥረው። ዝም ብሎ ይቀጥላል።

አርሲዲው ሌላ ነገር ነው የሚያየው። በፌዝ (ኮረንቲ በሚያመጣው ሽቦ) የሄደው ኮረንቲ በሙሉ በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) ተመልሶ እንደሆነ ያመሳክራል። ጎደለ ማለት በሌላ መንገድ እየወጣ ነው፤ በግድግዳ፣ በውኃ ወይም በሰው። የጎደለው 30 ሚሊአምፔር ከደረሰ ይቆርጣል። አንድ ነገር ግን እወቁልን፤ ሰው በአንድ እጁ ፌዝ በሌላው ኒውትራል ከያዘ አርሲዲው አያውቅለትም፤ የሄደው ሁሉ ተመልሷልና።

አሁን ወደ ምጣድ እንምጣ። ከምንጠራባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ጣጣቸው የሚጀምረው እዚያ ነው። «ምጣዱ ይነዝረኛል» የምትል እናት ስንት ጊዜ ሰማን! መፍትሔ ብላ የያዘችው ፕላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ ጣውላ ላይ ቆማ መጋገር ነው። የምጣዱ ሽቦ ከሸክላው ሥር ነው ያለው። ሸክላው ሊጥና ውኃ ይጠጣል፤ እርጥበቱ ለኮረንቲው መንገድ ይከፍትለትና ቆርቆሮው ላይ ይወጣል። አርሲዲና ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) ያለበት ቤት ይህ ሲሆን መብራቱ ይጠፋል። ያኔ ነው ትልቁ ስሕተት የሚሠራው። የሠፈር ኤሌክትሪሻን ይጠራና «ይህ ዕቃ ነው የሚያስቸግራችሁ» ብሎ አርሲዲውን ዘልሎ በቀጥታ ያገናኘዋል። እንጀራው ይጋገራል። ሴትዮዋ ግን ያለ ጠባቂ ቀረች። እባካችሁ ይህን ማንም እንዲሠራባችሁ አትፍቀዱ። መጠገን ያለበት ምጣዱ ነው።

አርሲዲው በራሱ ሲወድቅ ምን ታደርጋላችሁ? ዕቃውን ሁሉ ንቀሉ፤ ብሬከሮቹን አውርዱ። መጀመሪያ አርሲዲውን አንሡ። ቀጥላችሁ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ። መልሶ የጣለው ላይ ስትደርሱ ጥፋተኛው እሱ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ውጭ ያለ ሶኬት ወይም የረጠበ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ምንም ሳይሰካ የሚወድቅ ከሆነ እኛን ጥሩን፤ የሁለት መስመር ኒውትራል ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላልና ያ በመሣሪያ ነው የሚፈለገው።

የቁልፏ ነገር ቀላል ነው። ቁልፏ ሆን ብላ ትንሽ ኮረንቲ ታጎድላለች፤ አርሲዲው ጤነኛ ከሆነ ቀጭ ብሎ ይወድቃል። መልሳችሁ ታነሡታላችሁ፤ አለቀ። በወር አንዴ ይበቃል። ቀኑ እንዳይረሳችሁ አንድ ዘዴ እንንገራችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ነቅላችሁ ትንሽ ትጠብቁ የለም? ዕቃውን መልሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ተጫኗት። መብራት በሌለበት ሰዓት ግን አትሠራም። ካልወደቀ ቁልፏን ተጭናችሁ አትቆዩ፤ ውስጧ ያለው ሊቃጠል ይችላል። ልቀቋትና ደውሉልን።

ለምን ይበላሻል? ዓመታት ሳይንቀሳቀስ የኖረ መሣሪያ ይደርቃል፤ አቧራ ይገባዋል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅም ይጎዳዋል። በየጊዜው ቁልፏን መጫን መፈተሻ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው እንዳይጣበቅም ይረዳል።

ቁልፏ የማትነግራችሁም ነገር አለ። ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቆርጥ አታሳይም፤ የኤርዝ መስመራችሁ ደህና መሆኑንም አታውቅም። ኤርዝ በሌለበት ቤት ቆርቆሮው ላይ የወጣው ኮረንቲ መውጫ ስለሌለው፣ አርሲዲው የሚቆርጠው ሰው ከነካው በኋላ ነው። እኛ ስንመጣ በመሣሪያ እንለካለን። በ15 ሚሊአምፔር መውደቅ የለበትም። በ30 ከ300 ሚሊሰከንድ፣ በ150 ከ40 ሚሊሰከንድ በፊት መቁረጥ አለበት። ካለፈ አንጠግነውም፤ ይቀየራል። ይህ ዕቃ ተከፍቶ የሚጠገን አይደለም።

ራሳችሁ ከመርካቶ የምትገዙ ከሆነ 0.03 አምፔር (30 ሚሊአምፔር) የሚል መሆኑን አረጋግጡ። 0.3 የሚለው ለእሳት መከላከያ እንጂ ለሰው አይሆንም፤ አንዲት ዜሮ ናት ልዩነቱ። ዓይነቱን ፊቱ ላይ ካለው ምልክት ታውቃላችሁ፤ አንድ ሞገድ ብቻ ያለበት «ኤሲ» የሚባለው ነው። ከሞገዱ ሥር ሁለት ግማሽ ጉብታዎች ያሉት «ኤ» ነው። ዛሬ በየቤቱ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ክፍል) ያላቸው ልብስ ማጠቢያዎችና ፍሪጆች ስለበዙ እኛ የምንመርጠው «ኤ»ን ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ለገዛችሁ ለብቻው እንንገራችሁ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደንበኞቻችን ውስጥ ቁጥራችሁ ጨምሯል። ቻርጀር ብልሽት ሲኖረው ቀጥተኛ ኮረንቲ (ዲሲ፣ እንደ ባትሪ ያለው) ሊያፈስ ይችላል፤ ያ ደግሞ ተራውን አርሲዲ ያሳውረዋል። ስለዚህ የ«ቢ» ዓይነት አርሲዲ፣ ወይም የ6 ሚሊአምፔር ቀጥተኛ ኮረንቲ መለያ ካለው ቻርጀር ጋር የ«ኤ» ዓይነት ያስፈልጋል። በዲቫይደር መኪና ቻርጅ የምታደርጉ ካላችሁ ዛሬውኑ አቁሙልን።

እኛ ለገጠምናቸው ሁሉ እስከ መስቀል ድረስ በነጻ እንለካለን። አዲስ ዕቃ ካስፈለገ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ትከፍላላችሁ። ከመምጣታችን በፊት የሳጥኑን በር ከፍታችሁ ፎቶ በተለመደው ስልካችን ላኩልን። ብሎን ግን አትፍቱ።

አክባሪዎቻችሁ፣
የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎቻችሁ