የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የአንድ ቀን የሐይቅ ዳር ጉዞ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ ስለ ቅዳሜ ኅዳር 20ው ጉዞ

እንደምን ከረማችሁ?

ልጆቻችሁ ይህን መንገድ ያውቁታል። ለበዓልም ለሠርግም አዲስ አበባ ስትወጡ አብረዋችሁ ሄደዋል። ባለፈው ሳምንት ክፍል ገብቼ “ከሻሸመኔ እስከ ባቱ ስንት ሐይቅ ታልፋላችሁ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹ የጠሩት ላንጋኖን ብቻ ነው። አንዷ “እኔ ሁሌ አርሲ ነጌሌ ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል” አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛም ትልልቆቹ ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነው የምናልፈው። ሻላ፣ አብያታ፣ ላንጋኖና ዝዋይ ግራና ቀኝ ተኝተው ሳለ ማለት ነው። ባሕር የለንም። የሐይቅ ዳር መንገድ ግን አለን፤ ያውም ከደጃችን የሚጀምር።

ስለዚህ ኅዳር 20 ልጆቹን ይዘን ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እንሄዳለን። ከዚህ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ቤታቸው ያድራሉ።

አምናም ሄደን ነበር። ያኔ ገንዘብ እንቆጥብ ብለን አስጎብኚ አልያዝንም። ውሳኔው የኔ ነበር፤ ልክም አልነበረም። ልጆቹ መኪና ውስጥ ጨፈሩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ምሳ በሉ፣ ተመለሱ። አብያታ ዳር ቆመን ሳለ ግን አንድ ልጅ እጄን ይዞ “ቲቸር፣ ውኃው ለምንድነው እንዲህ የራቀው?” አለኝ። ከፊታችን የተሰነጣጠቀ ነጭ መሬት ነበር። ውኃው ከሩቅ እንደ ክር ነው የሚታየው። የምመልስለት አጣሁ። ጥያቄው እዚያው ቀረ፤ እኔን ግን ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ።

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። አብያታ ከጎረቤቶቹ እየተቀበለ የሚኖር ሐይቅ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ በሆራ ቀሎ ወንዝ ውኃ ይደርሰዋል። ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዝዋይ አካባቢ ለመስኖ ብዙ ውኃ ሲሳብ ቡልቡላ ይሳሳል፤ አብያታም ይጎድላል። ለሶዳ አሽ (መስታወትና ሳሙና ለመሥራት የሚያገለግል ጨው) ምርትም ከራሱ ከሐይቁ ውኃ ሲወሰድ ኖሯል። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር የቀረው ውኃ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣውም ተመናመነ። በዚህ የተጎዱት ደግሞ ፔሊካኖቹ ናቸው። እንቁላል የሚጥሉት ሻላ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ነው። ሻላ ግን እዚህ ግባ የሚባል ዓሣ የለውም። ለጫጩቶቻቸው ቀለብ የሚያመጡት ከአብያታ ነበር። ዓሣው ሲጠፋ ራቅ ብለው መሄድ ግድ ሆነባቸው።

ይህን እኔ ክፍል ውስጥ ልነግራቸው እችላለሁ። ሐይቁ ዳር ቆሞ በጣት እያሳዩ መንገር ግን ሌላ ነው። ዘንድሮ አካባቢውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ አስጎብኚ ይዘናል። ከፓርኩም ጠባቂ አብሮን ይሄዳል።

ከአርሲ ነጌሌ በኋላ ልጆቹ አንድ ሥራ አላቸው። መንገድ ዳር የቆመውን የከሰል ጆንያ ይቆጥራሉ። ፓርኩ ውስጥ ደግሞ የግራር ጉቶ ይቆጥራሉ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ይጽፋሉ። በሩ አካባቢ ሰጎንና ከርከሮ እናያለን። ከዚያ ሁለቱም ሐይቆች የሚታዩበት ከፍታ ላይ እንወጣለን። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። የኛ ሐዋሳ ሐይቅ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሻላ የተኛው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተደረመሰ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከሺዎች ዓመታት በፊት አራቱ ሐይቆች አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ይህን ማመን አይከብድም።

ፍላሚንጎዎቹን ዝም ብለን ቆመን የምናይበት ጊዜም አለ። ጭንቅላታቸውን ገልብጠው፣ ምንቃራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው አልጌ ያጠልላሉ። ለዚህ ዝምታ ያስፈልጋል። ልጆቹ ይችሉበታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ደኅንነት ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውኃ ያቃጥላል፤ ማንም ልጅ ያለ መምህር አይጠጋም። የአብያታ ዳርቻ ደረቅ ይመስላል፣ ከሥር ግን ጭቃ ነው፣ ያሰምጣል። አስጎብኚው ካሰመረው መስመር አናልፍም። ላንጋኖ ዳር አርፈን ምሳ እንበላለን። ዋና የለም። ልጆቹ ይለምኑኛል፤ መልሴ ያው ነው። ለአሥር ልጅ አንድ መምህር መድበናል።

የምንነሣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤቱ በር ነው። የምንመለሰው 11 ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ሽፍን ጫማ፣ ኮፍያ፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ደብተርና እርሳስ ይያዙ። ስልክ ቤት ይቅር። ምሳ ዕቃቸውን እናንተ አዘጋጁላቸው፤ የነቢያት ጾም ስለሆነ የሚጾመውም የማይጾመውም ከቤቱ እንደለመደው ይብላ። ቆሻሻውን ይዘን እንመለሳለን። ባይናኩላር ያላችሁ ብታውሱን ትልቅ ውለታ ነው።

ክፍያው 600 ብር ነው። ያልሞላለት ቢኖር ለልጁ ምንም ሳይነግር ቢሮዬ ብቅ ይበል። በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ አይኖርም። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ ኅዳር 17 ላኩልኝ። አስም ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ እዚያው ላይ ጻፉልኝ።

አምና ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው። አውቶቡሱ ላይ አንድ ወንበር ይዘንለታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት