ሳይዳሰስ የተለጠፈ ፕላስተር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጎህ ሲቀድ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ለሚሮጥ ሰው፣ ጉልበታቸውና ባታቸው ላይ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ተለጣጭ ፕላስተር የለጠፉ ስፖርተኞችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከደረጃው ስወርድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ባለኝ ጊዜ፣ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ እግሬን ሳያይ ጥቅልሉን ከመደርደሪያው አውርዶ «ይህን ይለጥፉ፤ በሦስተኛው ቀን ይሮጣሉ» አለኝ። እውነትም በሦስተኛው ቀን ሮጥኩ። በአምስተኛው ቀን ግን እግሬ ጫማ ውስጥ አልገባ አለ፤ ራጅ ስነሣ በውጭ በኩል ያለው አጥንት መሰንጠቁ ታወቀ።

ይህን የምጽፈው ፕላስተሩን ለማጥላላት አይደለም። ኬንዞ ካሴ የተባሉት ጃፓናዊ ባለሙያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ያስተዋወቁት ይህ ሙጫ የተቀባ የጥጥ ጨርቅ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በአትሌቶች ገላ ላይ ከታየ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል፤ የእግር ኳስ ወዳጆችም የጣሊያኑ አጥቂ ባሎቴሊ በሰኔ 2004 ዓ.ም. ጀርመን ላይ ጎል አግብቶ ማልያውን ሲያወልቅ ጀርባው ላይ የታዩትን ሰማያዊ ቁራጮች የሚረሱ አይመስለኝም። ቆዳን ከፍ አድርጎ የደም ዝውውርን ያፋጥናል ይባልለታል። ይሁን እንጂ ጥናቶችን ሰብስበው የገመገሙ ተመራማሪዎች ያገኙት በአብዛኛው ለአጭር ጊዜ የሚቆይ መጠነኛ ማስታገሻነትን ሲሆን፣ ለይስሙላ ከተለጠፈ ፕላስተር ጋር ሲነጻጸርም ልዩነቱ አነስተኛ ነው። እኔን የጎዳኝም ይኸው ማስታገሻነቱ ነበር፤ ሕመሙ ቀለል ሲልልኝ የዳንኩ መስሎኝ በተሰነጠቀ አጥንት ሮጥኩበት።

የአገራችን ወጌሻ እንኳ ከማሸቱ በፊት ያበጠውን ቦታ በጣቱ ይዳስሳል። በካናዳዋ ኦታዋ የተዘጋጀውና ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መመሪያም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ከወለምታ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩት አጥንቶች ጫፋቸው ወይም የኋላ ጠርዛቸው ሲነካ የሚያመው ሰው ራጅ ሊነሣ ይገባዋል። እኔ በዚያው ቦታ ላይ ፕላስተር ስለለጠፍኩ ጣቴን እንኳ አላሳረፍኩበትም።

ስለዚህ ሻጮች ዕቃውን ከመስጠታቸው በፊት ቢያንስ «እግርዎን መርገጥ ይችላሉ ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ፣ ጋዜጣችሁም በጤና ዓምዱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ጋብዞ ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስረዳ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቁስል ላይ እንደማይለጠፍ፣ ቆዳ ሲያሳክክ ወይም ሲቀላ ወዲያው መነሣት እንዳለበት፣ ባቱ ያለ ምክንያት አብጦ የሚሞቀው ሰውም የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ከፕላስተር በፊት ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት ብዙዎቻችን አናውቅም።

ከዚያ ጥቅልል የተረፈኝን ዛሬም አልጣልኩትም። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባሳየችኝ መሠረት ገላዬን ታጥቤ፣ ቅባት ሳልቀባ፣ የቁራጩን ማዕዘኖች በመቀስ አክብቤና ሁለቱን ጫፎች ሳልወጥር እለጥፈውና፣ በቀኝ እግሬ ብቻ ግድግዳ ሳልደገፍ የመቆም ልምምዴን እሠራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ