ጉዳይ ይዤ መጣሁ

እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ?

ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍታ የጻፈችው ጉዳይ ቢኖራት ነው ትዪ ይሆናል። አለኝ። ግን መጀመሪያ ወሬውን ስሚ። ሕግ ልማር ነው። ማለቴ፣ ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው።

እዚህ ያደረሰኝ አስተርጓሚነቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምልሽም። ገንዘብ ካለሽ ትቀጥሪያለሽ፣ ከሌለሽ ዳኛው ፊት ብቻሽን ነሽ። አንዲት እናት ዳኛው ሲጠይቃት ወደ እኔ ዞር ብላ «ልጄ፣ ምን ብል ይሻላል?» አለችኝ። አስተርጓሚ መምከር አይፈቀድለትም። ያለችውን እንዳለ ለዳኛው በእንግሊዝኛ አልኩት። ሥራዬ ያ ነው። ግን ያን ቀን ምሳዬ አልወርድ አለኝ።

የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው ኤልሳት ይባላል፤ ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። የሎጂክ ጨዋታ የሚሉትን ክፍል በፈረንጆቹ ኦገስት 2024 አንስተውታል፣ ተመስገን ነው። የቀረው ንባብና ክርክር ነው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ። «ከተማው አውቶቡስ ከጨመረ ወዲህ የመኪና አደጋ ቀንሷል፤ ስለዚህ የቀነሰው በአውቶቡሱ ነው» ይልሻል። ይሄን የሚያፈርሰው የቱ ነው? «በዚያው ወር ቤንዚን ተወዶ ብዙ ሰው መኪናውን አቁሟል» የሚለውን ትመርጫለሽ። የበላ ልበልሃ አገር ልጅ ነኝና ክርክሩ አላስቸገረኝም። ሰዓቱ ነው ጉድ የሚሠራኝ።

ከፈተናው የባሰብኝ ስለ ራሴ የምጽፈው ጽሑፍ ነው። ራስን ማሞገስ ነውር ነው እየተባልን አድገን፣ አሁን ሁለት ገጽ ሙሉ «እኔ» በይ! የመጀመሪያውን ረቂቅ ያነበበች የሥራ ባልደረባዬ «አንቺስ የት አለሽ?» አለችኝ። ስለዚያች እናት ብቻ ነበር የጻፍኩት። አዲሱን በአማርኛ አድርጌ እልክልሻለሁ። የረሳሁት ካለ ጨምሪበት፣ ያጋነንኩትንም ሰርዢ፤ አንቺን መሸወድ አይቻልም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ትራንስክሪፕቴ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለኤልሳክ፣ ፈተናውን ለሚያዘጋጀው ድርጅት፣ መላክ አለበት፤ እኔ ጋ ያለው ኮፒ ዋጋ የለውም። ሬጅስትራር ሄዶ የሚጨቀጭቅልኝ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? ውክልናውን ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን አሠርቼ እልካለሁ፤ አንቺ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታስረጋግጪልኛለሽ። ማመልከቻው በአብዛኛው መስከረም አካባቢ ይከፈታል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች እንደደረሳቸው ስለሚያዩት ቀድሞ ያስገባ ይጠቀማል። የታክሲውም የምሳውም ወጪ በእኔ ነው።

እማማን ሳሚልኝ። መጻፉ ከደከመሽ ቮይስ ላኪልኝ፤ ስላንቺም ሁሉንም ንገሪኝ።

እህትሽ