ዮሴፍ አልተሰደደም

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንጫወት «የአሜሪካ ጥቁሮችስ እንደ እናንተ በስደት የሄዱ አይደሉም? እናንተ በጥቂት ዓመት ቤት ስትገዙ እነሱን ምን ያዛቸው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሥራ ልገባ ስለነበር አለፍኩት፤ ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከልቤ አልወጣም።

እንዲህ የሚሉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ።) በ2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ ዜጎች ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ ሳይወዱ የመጡት አፍሪካውያንም በራሳቸው መንገድ ስደተኞች ነበሩ ብለዋል። በ2017 ደግሞ የቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስትሩ ቤን ካርሰን በባሪያ መርከብ ሆድ ተጭነው የመጡትን ስደተኞች አሏቸው፤ ቁጣ ሲነሣ የሁለቱ ታሪክ ፈጽሞ የተለያየ መሆኑን ተናገሩ። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ለክፋት ያሉት አይመስለኝም። አገሬውን ሁሉ በአንድ ማዕድ ለማስቀመጥ አስበው ይሆናል። ቃሉ ግን እውነት አይደለም።

ያስተማሩኝን ላስታውስዎ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ግብፅ ወረደች፤ የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍም ግብፅ ወረደ። የእሷን ስደት ብለን በጽጌ እንጾመዋለን። ዮሴፍ ተሰደደ ያለ ቄስ ግን ሰምተው ያውቃሉ? ወንድሞቹ ሸጡት ነው የምንለው። በኋላ በግብፅ ላይ ቢሾም እንኳ መሸጡ አልተፋቀም። እኔ ፓስፖርት ይዤ፣ በሶና ቅቤ ተቋጥሮልኝ፣ እርስዎ ግንባሬን ስመው መርቀውኝ ነው የወጣሁት።

በምኖርባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ሰዎች የሰው ንግድ ያካሄዱበት ነበር። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የገዟቸውን ሰዎች በመርከብ ጭነው፣ ወይም በሰንሰለት አስረው በእግር እየነዱ በደቡብ ወዳሉት ወደ ኒው ኦርሊንስና ወደ ናቼዝ ከተሞች ይልኩ ነበር። ከውጭ ባሪያ ማስገባት ከ1808 ጀምሮ በሕግ ተከልክሎ ስለነበር፣ አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ነበሩ። ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ የተሸጠ የቨርጂኒያ ልጅ፣ አባቴ፣ ከየት ወዴት ተሰደደ?

ስለ ቤት መግዛቱም ቢሆን ነገሩ የትጋት ጉዳይ አይደለም። እዚሁ ተወልደው ዜግነታቸው በሕገ መንግሥቱ የጸናው ገና በ1868 ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ዋስ የሆነበት የቤት ብድር በእነሱ ሰፈር ይከለከል ነበር፤ በቤት ጉዳይ በዘር ማግለልን የከለከለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ለእኛ ለአፍሪካውያን በሩን ያሰፋው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ እንኳ የወጣው እነሱ ለመብታቸው እየተደበደቡ በታገሉበት ዘመን ነው። ታዲያ እኔ በምን አፌ «እናንተስ ምን ያዛችሁ?» እላለሁ?

በአረጋውያን መጦሪያው አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አለች፤ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። ባለፈው ረቡዕ በዕረፍት ሰዓታችን የ1860ን የባሪያዎች ቆጠራ በስልኳ አሳየችኝ። የጌታው ስም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከሥሩ ያሉት ሰዎች ግን ዕድሜ፣ ጾታና ቀለም ብቻ ናቸው። ሸሽተው ለጠፉት እንኳ ለብቻው ዓምድ ተሰምሯል። «34፣ ሴት፣ ጥቁር» ከሚለው መስመር ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይህቺ የእኛ ሳትሆን አትቀርም» አለችኝ። ስም የለም። ባሪያ የነበሩት ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩት ገና በ1870 ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሐረጓን ስትስብ እጇ ባዶ ይቀራል።

ጥቂት ዝም ብላ «አንቺስ እስከ የት ትቆጥሪያለሽ?» አለችኝ። እስከ ሰባት ቤት አልኳት። ቁጠሪልኝ ብትለኝ ከእርስዎ ጀመርኩ፤ እሷም በከንፈሯ እየተከተለች ስሞቹን አንድ በአንድ ደገመቻቸው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። እባክዎ ሰባቱንም በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ረቡዕ ዕለት እጨርስልሻለሁ ብያታለሁ።

ልጅዎ