ለሰማንያው ቀን

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ በስልክ «አባዬ፣ ይቺን ልጅ እግዚአብሔርን እንድትወድ አድርጌ እንዴት ነው የማሳድጋት?» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ኔትወርክ ተቋርጦ አልነበረም። አፍሬ ነው።

ያንን የፍልሰታ ቀን ታስታውሻለሽ? ስምንት ዓመትሽ ነበር። ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነጠላሽን አጣፍተሽ ለቁርባን ተሰልፈሽ ሳለ፣ ከቀሚስሽ ኪስ ቆሎ አውጥተሽ አፍሽ ውስጥ ስትጨምሪ አየሁሽ። በክንድሽ ጎትቼ ከሰልፉ አወጣሁሽ። «እግዜር አይቶሻል!» አልኩሽ፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ።

እህል ቀምሶ አለመቁረብ ሥርዓት ነው፤ እሱን ዛሬም አልለውጥም። ግን ጆሮሽ ላይ ጎንበስ ብዬ «ለነገ እናድርገው» ማለት ምን ይጎዳኝ ነበር? ማታ አያትሽን «እግዚአብሔር እስከ መቼ ነው የሚቆጣኝ?» ብለሽ ጠይቀሻት ኖሯል። ነፍሷን ይማርና፣ እሷም ሳትመልስልሽ ኪስሽ ውስጥ የቀረውን ቆሎ አብራሽ በላች።

ያን ጊዜ የሚያስፈራኝ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው የካህኑ የዔሊ ታሪክ ነበር። ልጆቹን ባለመገሠጹ ቤቱ ጠፋ ሲባል ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እንደሱ እንዳልሆን ብዬ እጄም አፌም ከበደብሽ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሳነበው፣ ሕፃኑ ሳሙኤል በሌሊት ሮጦ ሲቀሰቅሰው ያው ዔሊ አንዴም አልተቆጣውም። «አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ» ነው ያለው። በሦስተኛው እግዚአብሔር ልጁን እንደጠራው ገባው፤ ምን ብሎ እንደሚመልስም ነገረው። እኔ ብሆን በሁለተኛው ጮኼበት ነበር።

ዘዳግም 6፥7ንም እንደዚሁ። የእግዚአብሔርን ቃል «ለልጆችህም አስተምረው» ይላል፤ በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ደግሞ «ተጫወተው»። «አስተምረው» ላይ ቆሜ «ተጫወተው»ን ስዘለው ኖርኩ። ከፍ ብሎ ቁጥር 6 ላይ ቃሉን በልብህ ያዝ የሚለውንማ ተዪው። ዳዊቱን አስደገምኩሽ፣ አስጠናሁሽ፣ ጠየቅሁሽ። አያትሽ ግን ጥጥ እየፈተለች ውዳሴ ማርያሟን ስትደግም፣ አንቺ ጭኗ ላይ ተኝተሽ በእንቅልፍ ልብሽ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ትዪ ነበር። ማንም አላዘዘሽም።

እና መልሴ ይኸው፤ አጭር ነው። ስትጸልዪ ታይሽ። ስትሳሳቺ ይቅርታ ጠይቂያት፤ እኔ ካንቺ እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም፤ ዛሬ ጠይቄሻለሁ።

ክርስትናው ሰማንያ ቀን ሲሞላት ነው፤ አንቺም ከወለድሽ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትገቢው ያኔ ነው። ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ የሆነበትን መጽሐፈ ኩፋሌ፣ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ እያለ ይተርከዋል። ክርስትና እናቷ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ስትክድላት፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስታምንላት ከኋላሽ እቆማለሁ። ማተቧን እኔ አመጣለሁ፤ አትግዢ።

ኪሴ ውስጥ ቆሎ ይኖራል። ቅዳሴው ሲወጣ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ተቀምጠን እንበላለን።

አባትሽ